የደንቡ ቃልና የሞያሌ ጡረተኛ

አንድ ሕግ የሚነበብበት ቦታ ትርጉሙን ምን ያህል እንደሚለውጠው ለመረዳት፣ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002ንና ማስፈጸሚያውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271/2005ን ሞያሌ ላይ ተቀምጦ ማንበብ ይበቃል። ደንቡ መድኑ የማይሸፍናቸውን አገልግሎቶች ሲዘረዝር ከኢትዮጵያ ውጭ የሚሰጥ ሕክምናን ይጠቅሳል። አንቀጹን ያረቀቀው ባለሙያ በአእምሮው የነበረው ባንኮክ ወይም ዴልሂ ደርሶ የሚመለስ ታካሚ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ሞያሌ ላይ ግን «ውጭ አገር» ማለት ከኬላው ባሻገር በእግር የሚደረስበት ሌላው ሞያሌ ነው። በኬንያው ወገን ያለው ሆስፒታል ለአንዳንዱ ሰፈር ነዋሪ ከያቤሎ ሆስፒታል በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርባል። ጉልበቱን የሚያመው፣ ዓይኑ የደከመ፣ ሌሊት ትንፋሽ የሚያጥረው የስልሳ ዓመት ሰው የትኛው መንገድ እንደሚቀናው ግልጽ ነው፤ ደንቡ የሚያውቀው ግን ሌላውን መንገድ ነው።

ስለ ጤና መድን በአገራችን የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው በአባላት ብዛት፣ በመዋጮ አሰባሰብና በተቋማት ዝግጁነት ላይ ነው። ወደ ጡረታ የሚቃረብ ሰው፣ ማለትም ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላውና ደመወዙ ሊቆም ጥቂት ዓመታት የቀሩት፣ በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ የት እንዳለ ተለይቶ ሲጠየቅ አይታይም። ሆኖም የበሽታው ብዛት የሚጨምረውና ገቢው የሚቀንሰው በዚያው ሰሞን ነው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ፣ የዓይን ሞራ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ተከታትለው ይመጣሉ። ሐኪሙም ሆነ ነርሷ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የማያውቁት ታካሚው ከጠረጴዛው ማዶ ሲቀመጥ በየትኛው ሰነድ እንደሚሸፈን ወይም እንደማይሸፈን ነው።

ለአዋጁ በቅድሚያ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። የ2002ቱ አዋጅ ጡረተኛውን የኋላ ጭማሪ አላደረገውም፤ ከመነሻው ከሠራተኛው ጎን አባል አድርጎ ጻፈው። ደንቡም ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ሲጠይቅ፣ ከጡረተኛው የወር አበል የጠየቀው 1 በመቶ ብቻ ነው፤ መንግሥትም በበኩሉ 1 በመቶ እንዲጨምር ደነገገ። ዕድሜው የገፋ ሰው ብዙ ያስወጣልና ብዙ ይክፈል የሚለውን የንግድ መድን ስሌት አልተቀበለም። ቀድሞ የነበረ በሽታም አባል ከመሆን አያግድም። በሌላው ዓለም እዚህ ለመድረስ ረጅም ክርክር የጠየቀ ሐሳብ በአንድ አጭር አንቀጽ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ቀመር መሠረት አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሞያሌ ላይ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ አንድ መምህር አማካይ ደመወዛቸው 6,000 ብር ነበር ቢባል፣ አበላቸው 55 በመቶ ወይም 3,300 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 1 በመቶው 33 ብር ነው። በሥራ ላይ ሳሉ ይከፍሉት የነበረው 3 በመቶ ደግሞ 180 ብር በሆነ ነበር። ገቢያቸው በግማሽ ያህል ሲወርድ መዋጯቸው ከአምስት እጅ ወደ አንድ እጅ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ የሽግግር ድንጋጌ ማግኘት ያስቸግራል።

ችግሩ ድንጋጌው ለረጅም ጊዜ በወረቀት ላይ መቆየቱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ በተለይም 3 በመቶ ከደመወዙ ተቆርጦ በምላሹ መድኃኒት የሌለበት ጤና ጣቢያ የሚጠብቀው መሆኑን በማንሳት፣ አጥብቆ ተቃወመ፤ የመጀመሪያው ቀንም በተደጋጋሚ ተላለፈ። አዋጁ ከወጣ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላም መዋጮ መሰብሰቡ አልተጀመረም ነበር። በክርክሩ ውስጥ የተሰማው ድምፅ የሚከፍለው የሠራተኛው ድምፅ ነው። ከዚያ መዘግየት የበለጠ የተጎዳው ግን 1 በመቶ ከፍሎ ሙሉ ጥቅል ያገኝ የነበረው ጡረተኛ ነው፤ እርሱ የሥራ ማቆም አድማ አያስፈራራበትም፣ ስብሰባም አይጠራም። በ2003 ዓ.ም. ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው የወጡት መምህር አዋጁ አሥር ዓመት ሲሞላው ሰባኛውን ጀምረዋል። ለእኒህ ሰው «የአተገባበር መዘግየት» የሚለው የሪፖርት ቋንቋ የሚሰጠው ትርጉም በጣም የተለየ ነው።

ወደ ማይሸፈኑት አገልግሎቶች ዝርዝር መመለስ ያስፈልጋል፤ የሰነዱ እውነተኛ ባሕርይ የሚገለጠው እዚያ ነውና። የመነጽርና የኮንታክት ሌንስ አቅርቦት አይሸፈንም። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈንም። የመስሚያ መሣሪያ አይሸፈንም። የዳሌ መገጣጠሚያን በሰው ሠራሽ መተካት አይሸፈንም። ድንገተኛ ለሆነው የኩላሊት መድከም ካልሆነ በስተቀር የኩላሊት እጥበት አይሸፈንም። ከሕመም ጋር ያልተያያዘ በየጊዜው የሚደረግ ምርመራም አይሸፈንም። ከእነዚህ ጋር የአካል ንቅለ ተከላ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሌሎችም ተሰልፈዋል። እያንዳንዱን ለብቻው ያየ ሰው ምክንያቱን ያገኝለታል፤ አዲስ የሚጀመር ገንዘብ ውድ የሆነውን ሁሉ ሊሸከም አይችልም፤ ዳያሊሲስ ብቻውን ብዙ የጀማሪ መድን ተቋማትን ሊያንገዳግድ የሚችል ወጪ ነው። ዝርዝሩን በአንድነት ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያያል። ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥርስ፣ ዳሌ፣ ኩላሊት፦ ይህ የእርጅና ዝርዝር ነው። ጡረተኛውን በክብር አባል ያደረገ ሰነድ፣ ጡረተኛ ከሚያደርጉት ሕመሞች ብዙዎቹን ከደጅ አስቀርቷቸዋል። አባልነቱን የጻፈው እጅና ዝርዝሩን የጻፈው እጅ የተነጋገሩ አይመስልም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያከራክረው የመነጽሩ ነገር ነው። የማንበቢያ መነጽር እንደ ዳያሊሲስ የመድን ገንዘብ የሚያናጋ ዕቃ አይደለም፤ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ይፈልገዋል። ያለ መነጽር የቀረ አዛውንት የመድኃኒቱን ስም ከፓኬቱ ላይ አያነብም፤ የጠዋቱን ክኒን ከማታው አይለይም፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነም በመርፌው ላይ ያለውን ልክ በግምት ይቀዳል። መድኑ የኢንሱሊኑን ዋጋ ሸፍኖ የሚለካበትን ዓይን ትቶታል።

ስለ ምርመራው የተጻፈውም ቢሆን ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ፈገግ ብሎ የሚያልፈው ነው። የደም ግፊት በዝምታ የሚኖር በሽታ በመሆኑ ሳያም የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ደንቡ ሕመም የሌለበትን ምርመራ ሲያስቀር፣ የሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሰው ግፊቱን ለመለካት «ራስ ምታት» ማለት ይኖርበታል፤ መዝገብ ያዡም ራስ ምታት ብሎ ይጽፋል። በዓመቱ መጨረሻ ከወረዳው የሚወጣው የበሽታዎች ሠንጠረዥ የራስ ምታት ወረርሽኝ ያለ ያስመስላል። ክፍያ የሚወስነው አንቀጽ የምርመራውን ዓምድ እንደሚጽፈው ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዝርዝሩ ውስጥ ሞያሌን በቀጥታ የሚነካ ሌላም ቃል አለ። በተፈጥሮ አደጋና በሕዝባዊ ሁከት የሚደርስ ጉዳት ከሽፋኑ ውጭ ነው። ከተማዋ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል የተከፈለች እንደመሆኗ በሐምሌ 2004 እና በመጋቢት 2010 በደረሱት ግጭቶች ብዙ ሺህ ነዋሪዎቿ ድንበር ተሻግረው ተሰደዋል። በመጀመሪያው ቀን የሚሮጡት ወጣቶች ናቸው፤ የሚወድቁት፣ መድኃኒታቸው ቤት የሚቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ ውኃ የሚጠሙት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በሽሽት ላይ ዳሌዋ የተሰበረ አሮጊት ጉዳቷ ከሁከት ነው ወይስ ከመሰናከል የሚለው ጥያቄ በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ መሆን አልነበረበትም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የወር አበል ያለውን ሰው የሚመለከት ነው። የሞያሌ ኑሮ ግን በአብዛኛው በወር አበል የሚተዳደር አይደለም። ከተማዋን ያቆማት ንግዱ ነው፤ የከብት ነጋዴው፣ ደላላው፣ የጉምሩክ አስተላላፊው፣ የመኪና ረዳቱ፣ ሻይና ጫት ሻጯ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የሚዘልቀው መንገድና በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ ሥራውን አብዝተውት ይሆናል፤ ጡረታን ግን አላበዙም። በግል ድርጅት የተቀጠሩትም ቢሆኑ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲወጣ ዕድሜያቸው የገፋ ከነበረና ቀድሞ የተጠራቀመ የፕሮቪደንት ፈንድ ካልነበራቸው፣ ስልሳ ሲሞላቸው አሥር የአገልግሎት ዓመት አልሞላላቸውም፤ የደረሳቸው አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። የወር አበል የሌለው ሰው ደግሞ 1 በመቶ የሚቆረጥለት ነገር የለውም፤ በመሆኑም የማኅበራዊው መድን ንድፍ ጡረተኛ ብሎ አያውቀውም። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ከመድን ኩባንያዎች የሚገዙት የቡድን ሕክምና ዋስትናም ከሥራ ውሉ ጋር የታሰረ ነው፤ መታወቂያው በሚመለስበት ቀን ዋስትናውም አብሮ ይመለሳል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ ሠራተኛ የሚያውቀው ከወጣ በኋላ ነው። የታቀደ ቀዶ ሕክምና፣ ለምሳሌ የዓይን ሞራ ወይም የሆድ ዕቃ መውጣት ያለበት ሰው፣ የመሰናበቻ ቀኑ ሳይደርስ እንዲያሠራው መምከር የሐኪሙ ሥራ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍሉ አይነግረውም።

ለቀረው ሕዝብ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከኦሮሚያ የተመረጡት ግምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ። አራቱም ገበሬ የሚያርስባቸው ናቸው፤ ከቦረና ቆላ አንድም አልተመረጠም። ሙከራ ቀላል ከሆነበት መጀመሩ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ከገበሬው አገር የተገኘው ልምድ ሳይለካ ወደ ከብት አርቢው አገር መወሰዱ ነው። ገበሬው ምርቱን ሰብስቦ ብር በእጁ ሲገባ መዋጮ ይጠየቃል፤ የታኅሣሥና የጥር ወራት ለዚያ ይመቻሉ። ቦረና ውስጥ ታኅሣሥና ጥር የረጅሙ በጋ ወራት ናቸው፤ ከብቱ ይከሳል፣ ወተቱ ይደርቃል፣ የገበያው ዋጋ ይወርዳል፣ የቤቱ ጉልበት ሁሉ በኤላው ላይ ነው። ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ቀርተው የመንጋው ብዛት ያለቀበት ቤተሰብ ነበር። መንጋ የአርብቶ አደሩ ጡረታ መሆኑ ከታሰበ፣ ያ ድርቅ የደረሰበት ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው መዋጮ ሳይሆን አበሉን ተነጥቋል። ለደሀ ደሀዎች መንግሥት መዋጯቸውን የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ ነገር ግን ስሙ በመዝገቡ ላይ የሚወጣው በዝግታ ነው፣ መንጋ የሚያልቀው ግን በአንድ ወቅት።

የሚገርመው በዚያው አገር የከብት መድን ቀድሞ መግባቱ ነው። በሳተላይት የሚታይ የግጦሽ ሁኔታን መለኪያ ያደረገ የከብት መድን በኬንያው ማርሳቢት በ2002፣ በቦረናም በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ አማካይነት በ2004 ዓ.ም. ተጀምሯል። ውሉን የሠሩት ሰዎች የዝናቡን ወቅት አጥንተው ሽያጩን ከወቅቱ ጋር አስማምተዋል። ለበሬው የተደረገው ጥናት ለባለቤቱ ቢደረግ ነውር አልነበረም።

ቦረና ራሱ መድን የማያውቅ ሕዝብም አይደለም። ከብቱ ያለቀበትን ወገን ጎሣው ከየመንጋው አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለው፤ የኦሮሚያ ክልልም ስሙን ወስዶ ለዕርዳታ ተቋም ሰጥቶታል። በከተማው ያለው ነዋሪ ዕድርና ዕቁብ አለው። በነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ሽማግሌ ሸክም ተብሎ አይቆጠርም፤ ማን እንደተቸገረ የሚወስነው እርሱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፉ መድን ስሌት ግን የተገላቢጦሽ ነው። መሠረታዊው መዋጮ የቤቱን ኃላፊ፣ የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ይይዛል፤ አብረው የሚኖሩ እናት ወይም አባት ግን ተጨማሪ ሰው ናቸው፣ ለእነርሱ ተጨማሪ ይከፈላል። በገንዘብ ረገድ ጭማሪው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በቅጹ ላይ የቤቱን ትልቅ ሰው «ተጨማሪ» ብሎ መጻፍ ግን ምዝገባ የሚያካሂደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ብዙ ቤት ደግሞ እናቲቱ ራሷ «እኔን ተዉኝ፣ ልጆቹን አስመዝግቡ» ትላለች። የምትተወው በቤቱ ውስጥ ሐኪም ዘንድ በብዛት መሄድ የሚያስፈልጋት ሰው ናት።

ካርዱ የተሰጠው በወረዳ ስም መሆኑም በአንድ ከተማ ሁለት መስተዳድር ባለበት ቦታ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ልጅ በአንዱ ክልል ቀበሌ፣ ወላጅ በሌላው ሊኖሩ ይችላሉ። አዛውንት ደግሞ በአንድ ቤት አይጸኑም፤ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው፣ ከሞያሌ ወደ ሜጋ፣ ከነገሌ ወደ ያቤሎ ይዘዋወራሉ። የሪፈራሉ ሰንሰለት በጤና ጣቢያ ጀምሮ ወደ ሆስፒታል እንዲወጣ ታስቧል፤ ሰንሰለቱን የዘለለ ሰው ክፍያ ይጠብቀዋል። ሰንሰለቱ ከሞያሌ ተነሥቶ ሐዋሳ ሲደርስ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመንገዱንና የአስታማሚውን ወጪ የሚሸፍን መድን የለም። ስለዚህ ካርድ ያለው ሽማግሌ በተግባር ያለው የጤና ጣቢያ ካርድ ነው። ጤና ጣቢያው አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ካለው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሌለው ታካሚው በአቅራቢያው ካለ የግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ካርዱን የሚያሳድስበት ምክንያትም እዚያው መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ይቀራል።

መንግሥት ከጥንት በነጻ የሚሰጣቸው አገልግሎቶች ይህን ክፍተት አይሞሉም። በ1990 ዓ.ም. ከጸደቀው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስልት ጋር ተያይዘው በነጻ እንዲሰጡ የተለዩት የሳንባ ነቀርሳ፣ የሥጋ ደዌ፣ የክትባት፣ የወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔና የወረርሽኝ አገልግሎቶች ናቸው። የተላላፊ በሽታና የእናቶችና ሕፃናት ዝርዝር ነው፤ በዘመኑም ተገቢ ነበር። በውስጡ ዕድሜ የገፋ ሰው ብቻውን የሚገባበት በር የለም። ደሀ ከሆነ በደህነቱ ይገባል፤ ሽማግሌ በመሆኑ ግን አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አረጋውያንን ለመንከባከብ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ገንዘብ ይመድባል ይላል፤ ከጤናው ዝርዝር ውስጥ ግን ያ ቃል የተተረጎመበት መስመር አይገኝም።

ሌሎች አገሮች በዚህ ነጥብ ላይ የተለያየ መንገድ መርጠዋል። ጋና በ1995 ዓ.ም. ባወጣችው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ሰባ ዓመት የሞላቸውንና ከማኅበራዊ ዋስትና ተቋሙ ጡረታ የሚወስዱትን ከመዋጮ ነጻ አድርጋለች፤ አባልነቱ በዕድሜ ስለሚረጋገጥ የድህነት ማስረጃ አይጠየቅበትም። ከሞያሌ ማዶ ያለችው ኬንያ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረውን የሆስፒታል መድን ፈንድ አፍርሳ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በአዲስ የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ተክታለች። መዋጮው ከገቢ 2.75 በመቶ፣ ዝቅተኛው በወር 300 ሺሊንግ ሆኖ፣ ደመወዝ የሌለው ሰው የዓመቱን በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ተጠይቋል። የማርሳቢት ከብት አርቢ በዚህ ላይ የሚያቀርበው ስሞታ ከቦረናው ጋር አንድ ነው፤ መስመሩ ሕዝቡን ቢከፍልም በጋው ግን ያው ነው።

የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት የሚያሳትማቸው ማብራሪያዎች አባል ስለ መሆን በሰፊው ይናገራሉ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው የሚያስፈልገው ግን ስለ መሸጋገር የሚናገር አንድ ገጽ ነው፤ አሠሪው የሰጠው ዋስትና የሚያበቃበት ቀን፣ የአገልግሎት ዘመኑ አሥር ዓመት መሙላቱ፣ በየትኛው ወረዳ ስም እንደሚመዘገብ፣ አብረውት የሚኖሩ ወላጆች በማን ካርድ እንደሚገቡ። ያ ገጽ እስኪጻፍ ድረስ ጥያቄው የሚመጣው ወደ ተመላላሽ ክፍሉ ነው። ሞያሌ ላይ ደግሞ በሦስት ቋንቋ ይመጣል፤ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ። የሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሰው የግፊት መድኃኒቱን ሊወስድ ቀርቦ፣ ማዘዣውን ከዓይኑ አርቆ ይዞ፣ ምን እንደተጻፈ እንዲነበብለት ነርሷን ይጠይቃል።